ቴስታታዋን የተላጨች ሞተር

በጦርነቱ ክረምት ለመላው የመርሳ ከተማ ነዋሪ የምናሳውቀው ከባድ ጉዳይ ነበረን፦ የጎረቤቴ የመካኒኩ ኤርሚያስ ሞተር ሳይክል ቴስታታዋን ተላጨች።

የሞተሩን ክዳን ማለቴ ነው። ወልዲያ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላጭቶት መጣ። እኔ ደግሞ ሳልጠይቅ አላድርም።

«ተላጭቶ ምን ሊሆን?»

«ክዳኑ ዝቅ ሲል ፒስቶኑ ቤንዚኑን አጥብቆ ይጨምቀዋል። ሲጨመቅ ይናደዳል፤ ሲናደድ ይሮጣል።»

ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ብረት፣ ቮላኖውን፣ አቀለለ፣ የቫልቩን ሞላ በጠንካራ ቀየረ፣ ድምፅ ማፈኛውን ማርሚታ አውልቆ ጣለ። ሞተሯ ስትጮህ የሰፈሩ ዶሮ እንቁላል መጣል አቆመ። ዓላማው አንድ ነበር... ወደ ደሴ በሚወስደው፣ ቀጥ ባለው የውርጌሳ አስፋልት ላይ ጓደኛውን ሰይድን መቅደም። የሰይድም ሞተር ያው ዓይነት ናት፤ ግን ከፋብሪካ እንደወጣች፣ ዘይት ሲቀየርላት እንኳ የምትደነግጥ።

ቀኑ ሳይደርስ ከወልዲያ በኩል ከባድ መሣሪያ ተሰማ። ውድድሩ ተሰረዘ።

በማግስቱ ከተማው ወደ ደሴ መንገድ ፈሰሰ። ኤርሚያስ እናቱን እትዬ ዘነቡን አፈናጦ ሞተሯን እያስጮኸ አለፈኝ። እኔ ፍራሽ ተሸክሜ በእግሬ...

ብዙም ሳልሄድ ቆመው አገኘኋቸው። ሞተሯ እንደ ሽምብራ ቆሎ ተንጣጥታ፣ ግላ፣ ሞታለች።

«ምን ነካት?»

«የመንገድ ዳር ቤንዚን ነዋ! ላምባ አለበት። አጥብቃ ስትጨምቀው ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው ቀድሞ ይነዳል።»

ይኼኔ ሰይድ በሞተሩ እየተንፏቀቀ ደረሰ።

«የኔም ያው ላምባ ነው እኮ! የኔዋ ግን የቀረበላትን ትጠጣለች።»

ኤርሚያስ አልሳቀም። «ሰይዶ፣ እናቴን ይዘህልኝ ሂድ። እኔ በእግሬ እደርሳለሁ።»

«ልጄን መንገድ ላይ ጥዬ? ሞቼ ነው!» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ከኋላችን ተኩሱ ቀረበ።

«ኧረ እትዬ፣ በአላህ ይውጡ!» አለ ሰይድ።

እሳቸው መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። ተፈትቶ አያልቅም! አንዱን ጫፍ ለሰይድ የኋላ ብረት፣ ሌላውን ለኤርሚያስ መሪ ሰጡ።

«ይበጠሳል፣ እማዬ።»

«አምስት ስወልድ ወገቤን የያዘ መቀነት ነው። ይቺን ብረት መጎተት ያቅተዋል? እሰር!»

ታሰረ። እሳቸው ከሰይድ ኋላ ወጡ፤ ኤርሚያስ በዚያች በምትናደደዋ ሞተሩ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ተጎተተ፤ ዳገት ሲሆን እኔ ከነፍራሼ ገፋሁ። ውርጌሳ ገባን።

ማረሚያ፦ ከላይ «ውድድሩ ተሰረዘ» የተባለው በስህተት ስለሆነ በዚህ ይታረም። ውድድሩ ተካሂዷል። ሰይድ አንደኛ፣ ኤርሚያስ ሁለተኛ ወጥተዋል፤ ልዩነታቸውም አንድ መቀነት ነው።