ጨረቃ ምን በድላ

እማማ ከመስታወት ሣጥኑ ፊት ቆመው ነበር፤ ትንፋሻቸው መስታወቱን ያደበዝዘዋል። ልጃቸው ከኋላቸው ሆና የነጠላቸውን ጫፍ ይዛለች። ፂማሙ የማታ ትምህርት አስተማሪዬ ከሣጥኑ በስተቀኝ፣ ዘበኛው በሩ ላይ። እኔ በእማማና በአስተማሪው መካከል ነበርኩ፤ የማስተረጉመው እኔ ነኝና። ከጀርባችን ባለው ሰፊ መስኮት የከሰዓት ብርሃን ይገባል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ከጨረቃ የመጣ ድንጋይ ነው።

ይህ ትዝ ያለኝ ዛሬ ጠዋት እግሬን ስታጠብ ነው። የተረከዝ መፈተጊያዬ ጥቁር፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። ውሃ ሲነካው ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። የእማማ ነበር።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ሲያትል ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር ልጃቸው ቤት ተጠግቼ ስኖር እማማ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡና አንድ ክፍል ተጋራን። ልጃቸው እዚሁ እንዲቀሩላት ትፈልጋለች። «እማዬ፣ ቲኬቱን ካንስል እናድርገው» እያለች ትነዘንዛቸዋለች። እሳቸው «እስቲ ልየው» ይላሉ። እኔን የጠየቀኝ ባይኖርም፣ እንዲቀሩ እፈልግ ነበር። ማታ ብርድ ልብሴን የሚያስተካክልልኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ድንጋዩ ለጥቂት ጊዜ ለእይታ ትምህርት ቤታችን ሲመጣ፣ እማማን ይዘን እንሂድ ያለችው ልጃቸው ናት። አገሩን እንዲወዱት አስባ ነው።

እማማ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን መረመሩት። ቀና አሉና፣

«ይኼ የእግር መፈተጊያ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ለአስተማሪው ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን አልተሳሳቱም አለ፤ ሁለቱም ከቀለጠ ድንጋይ የመጡ ናቸው፣ ቀዳዳውም ሲፈላ አረፋው የቀረበት ነው። ጨረቃ ላይ ጠቆር ብሎ የሚታየው ከውስጧ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ዝቅ ያለውን ቦታ ሞልቶ የረጋበት ነው፤ የጥንት ሰዎች ውሃ መስሏቸው ባሕር ብለው ጠርተውታል፣ ጠብታ ግን የለበትም አለ። ይህን ሁሉ በምን ላሳጥረው? «እሳተ ገሞራ ነው» አልኳቸው።

እማማ እንደገና ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አሉ።

«ጨረቃ ላይ ሰው ነበር?»

«ኧረ የለም እማማ።»

«ታዲያ ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው የገሞራ እሳት የወረደባት? ጨረቃ ምን በድላ?»

ልጃቸው ሳቋን በእጇ አፈነች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ቃሉን ከተማሪ ቤት ጀምሬ ስለው ኖሬ፣ ከተማዋ ገሞራ ውስጡ እንዳለች ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ጥያቄውን እንዳለ አስተላለፍኩ። አስተማሪው ፂሙን እያሻሸ፣ እሳቱ ከላይ አልወረደም፣ ከታች ነው የወጣው አለ። ጨረቃም ስትፈጠር ግለት ነበራት፤ ትንሽ ስለሆነች ግን ቶሎ በረደች። መሬት ትልቅ ስለሆነች እስካሁን ውስጧ ትኩስ ነው።

«አዎ» አሉ እማማ፣ ነገሩ ገብቷቸው። «ትንሽ ድስት ቶሎ ይበርዳል።»

ይህን ስተረጉምለት አስተማሪው ደስ አለውና በመስኮቱ በሩቅ ወደሚታየው ባለ በረዶ ተራራ ጠቆመ። የዚህ አገር ሰው ደመናው ሲገለጥ «ተራራው ወጣ» ይላል፤ ያን ዕለት ወጥቶ ነበር። ይህን ስነግራቸው እማማ «የት ሄዶ ነበር?» ብለው አሳቁን። ተራራው ነጭ ሆኖ ከቤቶቹ በላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። እሱም እንደዚያው ነው፣ ተኝቷል እንጂ ከሥሩ ገና አልበረደም አለ አስተማሪው። ሌላ ቃል ፈለግሁ። አላገኘሁም። ያንኑ «እሳተ ገሞራ» አልኳቸው። እማማ ተራራውን ትክ ብለው አዩትና ነጠላቸውን አጣፉ።

በአውቶቡስ ስንመለስ ልጃቸው በሹክሹክታ ተቆጣችኝ።

«ገሞራ ከምትዪ ማውንቴን ብለሽ አታልፊውም ነበር?»

እማማ ሰምተዋል።

«እሷን ተያት» አሉ። «ተራራ የምፈራ ሰው አይደለሁም። የተወለድኩት ፍልውሃ አጠገብ ነው፤ መፈተጊያዬንም የለቀምኩት ከዚያው ነው። እዚያ መሬቱ ራሱ ያሞቅሻል።» እጃቸውን በነጠላቸው ጠቀለሉ። «እኔም ትንሽ ድስት ነኝ።»

ልጃቸው ከዚያ በኋላ የቲኬቱን ነገር አላነሳችም።

በሚሄዱበት ቀን ጠዋት ሻንጣቸውን ስዘጋላቸው ድንጋዩን መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ከገሞራ ሲወጡ ዞሮ ማየት ክልክል ነው» አሉኝ። «የሎጥ ሚስት ዞራ አይታ የጨው ሐውልት ሆና ቀረች። እኔ ዞሬ ባላይ እንዳትቀየሚኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

አሁን ዕድሜዬ ከእሳቸው ዕድሜ ደርሷል። እዚሁ ሲያትል፣ የከተማው ባቡር በመስኮቴ ሥር እየደወለ ሲያልፍ፣ ጨረቃም ሙሉ ስትሆን፣ ጠቆር ያለውን እያየሁ ለእሳተ ገሞራ ሌላ ስም እፈልጋለሁ። እስካሁን አላገኘሁለትም።

ያኔ ሸኚ እስከ አውሮፕላኑ መግቢያ ድረስ ይፈቀድለት ነበር። ልጃቸው ከሰልፉ ዳር ቆመች፤ እኔ ከአጠገቧ። እማማ ቲኬታቸውን ሰጡ።

«እማዬ» አለች ልጃቸው።

እማማ ቆሙ። የተንሸራተተ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። ከዚያ ሳይዞሩ ገቡ።