ደረቴን ያላየው ሳጥን

በዚያን ጊዜ ሪጀንት ፓርክ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ በሩጫ የሚቀድመኝ ሰው አልነበረም። ይሄን የምለው ጉራ ስለምወድ አይደለም። ጉራም እወዳለሁ፣ ግን እውነት ነው። ስትሪትካሩ፣ ያ የመንገድ ባቡር፣ ጥሎኝ ሲሄድ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ቆሜ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።

አንድ ሰመር የሰፈራችን ልጆች ለዱላ ቅብብል አሜሪካ ሊሄዱ ሆነ። አንድ ቦታ ቀረች፣ እኔና አብሮ አደጌ ተፋጠጥንባት። ኖርዝ ዮርክ ፋብሪካ የሚሠራ ኢንጂነር ጎረቤታችን በዓይን መዳኘት ቀርቷል ብሎ ራሱ የሠራውን ሳጥን ይዞ መጣ። መጨረሻው ላይ ለየራሳችን ክር ወጠረልን። ደረትህ ክሩን ሲበጥስ ሳጥኑ ሰዓትህን ይይዛል።

ሮጥን። በደረት ቀደምኩት። የኔ ክር ተበጥሶ የሱ ገና እንደተወጠረ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳጥኑ ግን ለሁለታችንም አንድ ቁጥር ጻፈ፣ ያውም እስከ ሰከንድ መቶኛ ድረስ።

ኮምፕሌን አደረግኩ። ኢንጂነሩ መጀመሪያ ማሽን አያዳላም ብሎ ደረቀብኝ። ስጨቀጭቀው ከፍቶ አየውና አመነ። ለካ ውስጡ ያለችው ሰዓት እንደ ውሃ አትፈስም፣ ከመቶኛ ሰከንድ በላይ እየቆየች ትዘላለች። እስክትዘል ድረስ መቶ ጊዜ ብትጠይቃት ያንኑ የድሮውን ነው የምትነግርህ። እኔና ጓደኛዬ የደረስነው በሁለት ዝላይ መሃል ነው።

«ታዲያ መቶኛውን ከየት አምጥታ ጻፈችው?» አልኩት።

«ስክሪኑ ላይ ቦታ ነበራ» አለኝ፣ ሳያፍር።

ሩጫውን ሊያዩ የመጡት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ይሄ ሁሉ አልገባቸውም። እኩል ከሆናችሁ ታላቅ ይሂድ ብለው ፈረዱ። ታላቁ ማነው ሲባል፣ ወረቀታችን ላይ ሁለታችንም የተወለድነው ጃንዋሪ አንድ፣ ዓመቱም ያው። ልደቱን ለማያውቅ ስደተኛ ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ነበር የሚጻፍለት፣ ግማሹ ሰፈር መንታ ነው። በቃ ድጋሚ እንሮጣለን ብዬ የጫማዬን ክር ማጥበቅ ጀመርኩ።

የአብሮ አደጌ እናት ሣሩ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ሽማግሌዎቹ እሳቸውን ጠየቁ።

«እሱን ስወልድ የዚህ እናት አራስ ልትጠይቀኝ መጣች» አሉ ወደኔ እያመለከቱ። «ይሄ ገና ሆዷ ውስጥ ነበር።»

«እማማ፣ የቀደምኩት እኮ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«መወለዱን ቀድሞሃል፣ የኔ ልጅ። ምን ላድርግህ?»

አሜሪካ እሱ ሄደ። እኔ ኢንጂነሩ ቤት እየተመላለስኩ፣ ያቺን ሰዓት ቶሎ ቶሎ አዝልላት እያልኩ ስነዘንዘው ሰመሩ አለቀ።