የስኳር ፋብሪካው ቡድን ሻርፕ

ጥፋተኛው ባሌ ታደሰ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ዩክሬን ተምሮ ሲመለስ ያመጣልኝ የአንድ ኳስ ቡድን ሻርፕና የማያልቅ ወሬ ነበር።

ቡድኑን ያቋቋሙት የአንዲት ትንሽ ከተማ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ፋብሪካው እንፋሎት ሲለቅ ሜዳው ይጠፋል፤ ሕዝቡም ኳሷ እስክትታይ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

«ይሄ የቮድካ ወሬ ነው» እለው ነበር።

ለኳስ ወሬ ጊዜ ነበረው፤ እኔን ፊደል ለማስቆጠር ግን ጊዜ አጣ። የተማርኩት በስተርጅና፣ እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ሻርፑንም እዚህ ጀርመን አገር፣ ኒድ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ በር ሥር ለነፋስ መከላከያ ወተፍኩት። (ለዚህስ ጠቅሟል።)

ዛሬ አዲሷ ጎረቤቴ ኦክሳና፣ ከዩክሬን የመጣችው፣ የተቀበለችልኝን ፓኬት ልትሰጠኝ መጣች። በሩን ስከፍት ሻርፑን አየችና ፓኬቱን ጥላ ተንበረከከች። አራግፋ ፊቷ ላይ አደረገችው።

«የኛ ቡድን! እንፋሎቱ ሲመጣ እኮ ሜዳው ይጠፋ ነበር» አለች፣ ከእኔ በባሰ ጀርመንኛ።

«ኳሷ እስክትታይ ትጠብቁ ነበር?»

«አንዳንዴ ስትታይ ጎል ውስጥ ናት!» ብላ ሳቀች።

ኋላ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ቡድኑም ፈረሰ አለችኝ። ሜዳውን ዛሬ ረጅም ሣር ውጦታል።

ሻርፑን ጫፍና ጫፉን ይዘን በሩ ላይ ቆምን። በፋብሪካው ነጭ እንፋሎት ውስጥ ታደሰን ያየሁት መሰለኝ፤ ወጣት ሆኖ፣ ኳሷን እየጠበቀ።

እናንተስ፣ በቤታችሁ እንዲህ የተናቀ የሰው ሕልም አለ? ጻፉልኝ፤ አሁን አነባለሁ።

ፊደል ስላላስቆጠረኝ ታደሰን ይቅር አላልኩትም። ነፋሱ እንደፈለገ ይግባ እንጂ ሻርፑን ግን ከእንግዲህ በር ሥር አልወትፈውም።