ችፌዬና የእናቴ መስኮት

በደርግ ጊዜ ላሊበላ የነበረው ቤታችን መስኮት አልነበረውም፤ የምድጃው ጭስ የሚወጣው በር ሲከፈት ብቻ ነው። የክንዴ ችፌ ሲብስብኝ እናቴ "ጭስ ቁስል ያደርቃል" ብላ መኝታዬን ወደ ምድጃው ታስጠጋዋለች። እኔ ደግሞ እየተነጫነጭኩ ሳክ አድራለሁ። ሲመርራት አሸተን ማርያም ይዛኝ ትወጣለች። ተራራው ላይ ሁለት ሳምንት ጠበል ስጠመቅ ቆዳዬ ይለሰልሳል፤ ቤት በገባሁ በሳምንቱ ችፌው ይመለሳል።

በሦስተኛው ዓመት አጥማቂው መነኩሴ እናቴን፣ "ልጄ፣ ቤትሽ መስኮት አለው?" አሏት።

"የለውም፣ አባ።"

"በይ እንግዲህ ማርያምን አታድክሚያት፤ ሂጂና ግድግዳውን አስከፍቺው።"

አባቴ በማግስቱ ከፈተው፤ ክንዴም በወሩ ጠራ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ "ጠበሉ ነው ያዳናት" ትላለች፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ስትከፍት እያማተበች።