እናቴን «አሰልጣኛችን ናት» ያልኩ ቀን

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የሚነጥር ኳስ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ ያደግሁባት ፍኖተ ሰላም ትመጣብኛለች፤ ከትዝታው ቀድሞ ግን እፍረቱ ይደርሳል።

እናቴ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር፤ ቡድኗን በአምበልነት መርታ ዋንጫ ያነሳች፣ ጉልበቷ ተጎድቶ መጫወት ሲያቅታት መምህሩን አባቴን አግብታ እሱ ወደሚያስተምርበት ከተማ የመጣች ሴት ናት። ለዓመታት ኳስ ሳትነካ ኖረች። አሥር ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ የነሐሴ ቀን የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ቤታችን መጥተው፣ «እባክሽ እህቴ፣ ሴቶቹን አሰልጥኝልን» ብለው ለመኗት። እሷም «መጫወት እንጂ ማሰልጠን አላውቅም» አለቻቸው፤ በማግስቱ ግን ቱታዋን ከሻንጣ አውጥታ አጠበችው።

እውነትም አታውቅም ነበር። መስከረም ላይ ልምምድ ሲጀመር፣ አንዷ ኳስ ከሳተች ነጥቃት ራሷ ወርውራ ታስገባና «እንዲህ ነው!» ብላ ትጮህ ነበር፤ ልጆቹም እየፈሯት አንድ በአንድ ሜዳውን ተዉት። በመጨረሻ የተገኘነው ሦስት ብቻ ስንሆን፣ እኔም አባቴ አስገድዶኝ የመጣሁ ነበርኩ። እናቴ የዚያን ዕለት የቀሩትን በየቤታቸው እየዞረች ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ወዲህ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ መቆምን፣ የሳተችውንም «እስቲ እንደገና» ማለትን ለመደች።

መንደርተኛው ግን አልለመዳትም። ሜዳ ዳር የሚቆሙ ሴቶች «ይች ሴትዮ የምታሳድገው ልጅ ነው ወይስ ኳስ?» እያሉ ይሳሳቁ ነበር፤ እኔም የሰው እናት ቀሚስ ለብሳ ነጠላ ደርባ ስትሄድ፣ የኔዋ በቱታ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መንገዱን ስታቋርጥ እያየሁ፣ የማላውቃት መስዬ ወደ ኋላ እቀር ነበር።

ጥር ላይ ቡሬ ሄደን ከዚያ ከተማ ተማሪዎች ጋር ገጠምን። እናቴ በመስመሩ ዳር እያነከሰች ትሮጣለች፣ ትጮኻለች፤ ተመልካቹ ጨዋታውን ትቶ በሷ ይስቃል። እረፍት ላይ አንዲት የቡሬ ልጅ ጠጋ ብላ «ይች አንካሳ እናትሽ ናት እንዴ? ቁርጥ አንቺን!» አለችኝ።

«ምን በወጣኝ! አሰልጣኛችን ናት። የኔ እናት ቤት ናት» አልኳት፣ ጮክ ብዬ።

ዞር ስል እናቴ ብርቱካን በፌስታል ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ብርቱካኑን ለሁላችንም እኩል አደለችን፤ እኔ ጋ ስትደርስ የማሊያዬን ቁጥር አይታ «እንኪ፣ ስድስት ቁጥር» አለችኝ።

አሸነፍን። ልጆቹ በመኪናው ውስጥ እየዘፈኑ ሲመለሱ እኔ ቁጣዋን እጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። ቤት ስንገባ እንደ ወትሮዋ ፀጉሬን ፈትታ አበጠረችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን፣ ሜዳ ላይም ሆነ መንገድ ላይ፣ ሰው ባለበት «ልጄ» ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

በፋሲካ ዋዜማ ልቤ አልችል ብሎ «እማዬ፣ ያን ቀን ቡሬ...» ብዬ ጀመርኩ። «ተይው» አለችኝ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል። «ብቻ ኳሱን አትጥይብኝ።» እኔ ግን ክረምቱ ሲገባ ቡድኑን ተውኩት፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ ለምን አላለችኝም።

አሁን ደምበጫ አስተምራለሁ፤ ሴት ተማሪዎቼ በቱታ ሲሮጡ ዞሮ የሚያያቸው የለም። እናቴ ያሰለጠነቻቸው ልጆች የልጆች እናት ሆነዋል፤ መንገድ ላይ ሲያገኟት «እማዬ» ብለው ይጠመጠሙባታል፣ እሷም «ልጆቼ» እያለች ትስማቸዋለች። ያኔ እናቴ መሆኗን ሰው እንዳይሰማ የምፈራው እኔ ነበርኩ። ባለፈው ሰንበት ልጠይቃት ሄጄ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል «እማዬ» ብዬ ጠራኋት። ቆመች፤ መጀመሪያ ግራ ቀኙን አየች፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አቤት» አለችኝ።