የወንድሜ ድምፅ የነበረበት ስልክ

ስልኩን ለጥገና የሰጠሁት ቻርጅ አልይዝ ስላለኝ ብቻ ነበር። የከተማችን የገንዳ ውሃ አቧራ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። መሰኪያው ውስጥ ገብቶ ስለጠጠረ ገመዱን አዘንብዬ በጣቴ ካልደገፍኩት ኤሌክትሪክ አያልፍም። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ። በአንድ እጄ ገመድ ይዤ በሌላው መስፋት አልችልም፤ ማሠራት ግድ ሆነብኝ።

ስልኩ አሮጌ ነው፤ ቢሰረቅ ሌባው ራሱ የሚያዝንበት ዓይነት። ግን ውስጡ የወንድሜ ድምፅ ነበር።

ወንድሜ የትራክተር ሹፌር ነው። እዚሁ ቆላ ሰሊጥ እርሻ ላይ ሲሠራ ቆይቶ የተሻለ ደመወዝ አገኘሁ ብሎ ወደ ገዳሪፍ ተሻገረ። ብዙም ሳይቆይ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ተነሳ። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ አልፎ አልፎ የድምፅ መልእክት ይልክልን ነበር። ከዚያ በእኛ በኩል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የእሱም ስልክ ቢደወል ቢደወል የማይነሳ ሆነ። በመተማ በኩል የሚመለስ ሰው በመጣ ቁጥር እየሄድኩ እጠይቃለሁ። አንዱ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዷል ይለኛል፤ አንዱ ስሙንም አልሰማሁም ይላል።

የቀረን የላካቸው ድምፆች ነበሩ። በአንደኛው እኔን ይቆጣኛል፤ የእናታችንን ዓይን ጎንደር ወስጄ አላሳየሁም ብሎ። ከኋላው ጄኔሬተር ይጮኻል። በሌላው «እዚህ ኡስታ ነው የሚሉኝ፤ ባለሙያ ማለት ነው። እናንተ ቤት ግን ማን ያከብረኛል» እያለ ይስቃል። በመጨረሻው ድምፁ ዝቅ ብሎ «እማ፣ መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ፤ አታልቅሺ» ይላል።

እናቴ አጥርታ አታይም። ፎቶ ብትሰጧት ወረቀት ነው የሚሆንባት። ስለዚህ ልጇ ለእሷ ያ ድምፅ ነበር። አመሻሽ ላይ ጸሎቷን ጨርሳ «እስቲ አምጪልኝ» ትላለች፤ ከፍቼ ጆሮዋ ሥር አስጠጋላታለሁ። ስትሰማ ትመልስለታለች። «እሺ ልጄ፣ አላለቅስም» ትለዋለች፤ እያለቀሰች።

ጠጋኙ ዋናው መንገድ ዳር የመስታወት ጠረጴዛ ያለው ሱቅ ውስጥ የሚሠራ፣ ንግግሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። እኔ ጋ ጀላቢያ አሰፍቶ ያውቃል። ስልኩን ስሰጠው የምፈራውን ነገርኩት።

«ውስጡ የወንድሜ ድምፅ አለ። እሱ እንዳይነካብኝ።»

«እህቴ፣ እኔ የምነካው መሰኪያውን ነው። ውስጡ ያለው ምን ያደርግልኛል?»

እንዲገባው ብዬ አንዱን ድምፅ ከፈትኩለት። የወንድሜ ሳቅ ሱቁን ሞላው። ከበሩ ጥግ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ቀና ብላ «እግዜር በሰላም ያምጣልሽ» አለችኝ። ጠጋኙም ፈገግ አለ። ሲም ካርዴን አውጥቼ ደረሰኝ ጠየቅኩት።

«ለመሰኪያ ደረሰኝ?» አለ። «ሱቄን ታውቂያለሽ፣ እኔን ታውቂያለሽ። ምን ትሠሪበታለሽ?»

አፍሬ ተውኩት። የጠየቅኩት እኔ፣ ያፈርኩትም እኔ።

ነገ ነይ አለኝ። ነገ ስሄድ ዕቃው ከጎንደር እየመጣ ነው አለኝ። ከዚያ መብራት ጠፋ አለኝ። በመጨረሻ ስልኩን በጨርቅ ወልውሎ፣ ፊቱን አብርቶ ሰጠኝ። ስከፍተው ቋንቋ ምረጪ ይለኛል። ፎቶ የለም፣ ስልክ ቁጥር የለም። ምንም የለም።

«ወንድሜ የት አለ?» አልኩት።

«ማን?»

«ድምፁ! ያሰማሁህ!»

«እ... ቦርዱ ችግር ነበረበት» አለ፣ ዓይኑን ሌላ ስልክ ላይ ጥሎ። «ሶፍትዌር ጫንኩለት። አሁን ከበፊቱ ይፈጥናል። ሶፍትዌር ሲጫን ደግሞ የቆየው ነገር ኸላስ ነው።»

ኸላስ የሱዳኖች ቃል ነው፤ አለቀ ማለት። እዚህ ድንበር ላይ ሸቀጥ ሲያልቅም ክርክር ሲያልቅም እንለዋለን። ወንድሜን በዚያች ቃል ጠቅልሎ ሰጠኝና የሠራበትን ሒሳብ ጠየቀኝ። ከፈልኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ደንግጬ ስለነበር እጄ እንደ ልማዱ ቦርሳ ከፍቶ ከፈለ፤ አፌም «አመሰግናለሁ» አለ፤ ወጣሁ።

ለእናቴ ስልኩ ገና አልተሠራም አልኳት።

ጨርቅ ልገዛ ጎንደር ስሄድ ስልኩን ይዤ አንድ ሌላ ጠጋኝ ጋ ገባሁ። ክዳኑን ከፍቶ ብዙ አየውና «ይህ ቦርድ የዚህ ስልክ አይደለም» አለኝ። «የሌላ ስልክ አውጥቶ ነው የገጠመልሽ። ያንቺን ሲነቅል አቃጥሎት ይሆናል።»

«የእኔ ቢገኝስ?»

«የተቃጠለም ቢሆን አንዳንዴ በውስጡ ያለው ይወጣል። ቃል አልገባልሽም። ግን አምጪው።»

በማግስቱ ስመለስ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል የጭልጋን ቁልቁለት ሳይ ልቤ እየዘለለ ነበር። ሰውዬው ዋሽቶኛል፣ ግን ምንም አይደለም። ቦርዱን ይስጠኝ እንጂ ይቅር እለዋለሁ ብዬ ነበር። ሱቁ ስደርስ መጀመሪያ ካደ። የጎንደሩ ጠጋኝ ያለኝን ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀ።

«የተበላሸ ቦርድ አጠራቅሜ እየዞሩ ለሚገዙ ሰዎች እሸጣለሁ። ከሌላው ጋር ሄዷል።»

«የእኔን ሸጥከው?»

«ቆሻሻ እኮ ነው እህቴ። ምን ሊያደርግልሽ?»

እኔ ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈችውን ቁራጭ እንኳ ጠቅልዬ ከልብሱ ጋር እመልሳለሁ። ካውያ ቢይዝብኝ ጨርቁን ገዝቼ እተካለሁ፤ ሲታጠብ ይለቃል ብዬ አሳስቼ አልሰጥም። ይህንኑ ነገርኩት። «ጨርቅና ስልክ ይለያያል» አለኝ። በእርግጥም ይለያያል።

የሸማች አቤቱታ የሚቀበል ቢሮ አለ ሲሉኝ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ የነበረው ወጣት ባለሙያ ክፉ ሰው አልነበረም። ቁጭ በይ አለኝ፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሕጉ ከእኔ ጋር እንደሆነ ራሱ ነገረኝ፤ አገልግሎት የሰጠ ሰው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፣ ደረሰኝም መስጠት አለበት። ደስ አለኝ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ።

«ደረሰኝ አለሽ?»

«ከልክሎኛል አልኩህ እኮ።»

«ምስክርስ?»

«ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ሰምታለች።»

«ጥሩ። ስልኩ አሁን ይሠራል?»

«ይሠራል።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው ብዬ ልጻፍ?»

የስልኩን ዋጋ ገምቺ ቢለኝ እገምታለሁ። ድምፁን በምን ልገምተው?

ሻይ ሻጯ ጋ ሄድኩ። ገና ሳልጨርስላት ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። «እህቴ፣ ጥላዬን ያሰርኩት በእሱ ግድግዳ ላይ ነው» አለችኝ። «ልጆቼን የማበላው እዚያ ቁጭ ብዬ ነው። አልሰማችም በይ።» አልተቆጣኋትም። ግን ከዚያ ወዲህ ሻይዋን አልጠጣሁም።

ባለሙያው «በሽምግልና ጨርሱት» ብሎ ሸኘኝ። የሰፈራችን አንድ አዛውንት ገቡበትና ጠጋኙን አነጋገሩት። እሱም ለሽማግሌ ክብር ሲል አንድ ያገለገለ ደህና ስልክ እክሳለሁ አለ። አዛውንቱ መጥተው ሲነግሩኝ ደስ ብሏቸው ነበር።

«አባባ፣ ስልክ አልፈልግም» አልኳቸው። «ቤት ይምጣና ለእናቴ በራሱ አፍ ይንገርልኝ። እኔ አቅቶኛል።»

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ አዛውንቱም አብረውት። የሚክሰኝን ስልክ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል። እናቴ እንግዳ መጣ ብላ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። ጠጋኙ መሆኑን ስትሰማ ፊቷ በራ። እጁን ፈልጋ ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ተባረክ ልጄ፤ አንተ ነህ የሠራህልኝ? በል ክፈትልኝ፤ ከናፈቀኝ ቆየ።»

ሰውዬው ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት አየሁ። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እማማ...» አለ፣ ላስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀምጦ። «አሁን ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ሲመጣ ይከፈትልዎታል።»

እናቴ «እሺ፣ እጠብቃለሁ» ልትል አፏን ስትከፍት አየሁ። ታምነዋለች። በየቀኑ አመሻሽ ላይ ኔትወርክ መጣ ወይ እያለች እስክትሞት ልትጠይቀኝ ነው። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ተበጠሰብኝ።

«ውሸቱን ነው እማ!» አልኩ። «ጠፍቷል። ሲሠራው አቃጠለው፤ የተቃጠለውንም ሸጠው። የልጅሽ ድምፅ የለም።»

እናቴ እጁን አልለቀቀችም። እሱ ሊወስድ ሲል ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«አንተ ሰምተኸው ነበር?» አለችው።

«አዎ እማማ። እህቴ ከፍታልኝ ነበር።»

«እንግዲያው ምን እንዳለ ንገረኝ።»

«ይስቅ ነበር...» አለ።

«ምን ብሎ ነው የሳቀ?»

«አላስታውስም።»

እጁን ለቀቀችው። ላስቲኩን በዳበሳ ከጭኗ ላይ አንስታ ወደ እሱ ገፋችው። «ይዘኸው ሂድ» አለች። «የማን እንደሆነ አላውቀውም።»

አዛውንቱ «እመቤት፣ ካሣ እኮ ነው፤ ይቀበሉት» ቢሏት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁለቱም ወጡ። ጠጋኙ በሩ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ይኸው፣ እንዳልሽው መጣሁ» አለኝ፤ ያለብኝን ጨረስኩ በሚል ድምፅ።

ጥቂት ቆይቶ የቢሮው ባለሙያ ገበያ ውስጥ አገኘኝ። ጉዳዬን «በስምምነት ያለቀ» ብሎ መዝጋቱን ነገረኝ። ካሣ ቀርቦልሽ አልቀበልም ብለሻል፣ ሌላ ምን ይደረግ አለኝ። ምን እንደሚደረግ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም። ከጎረቤቶቼ ግን የተናገሩኝ አሉ። «ለድምፅ ብለሽ የሰው እንጀራ ልትዘጊ ነበር?» አለችኝ አንዷ። እሷም ልጅ አላት፤ ሁመራ ነው የሚሠራው፤ በየሳምንቱ ይደውልላታል።

ሱቁ አሁን ሰፍቷል። በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ለመረጃ መጥፋት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ለጥፏል። የሰሊጥ አጨዳ ሠራተኞች ከጎጃምም ከወሎም ሲመጡ ስልካቸውን እዚያ ይሰጣሉ፤ ጽሑፉን ቆሞ የሚያነብ አላየሁም። አንዳንዱን «ልጄ፣ ውስጡ ያለውን መጀመሪያ ሌላ ቦታ አስቀምጥ» እለዋለሁ። ለሥራ የሚቸኩለው በእኔ ላይ ይስቅና ያልፋል።

ከወንድሜ ወሬ የለም። እናቴ አመሻሽ ላይ ጸሎቷን ትጨርስና ዝም ብላ ትቀመጣለች። አምጪልኝ አትለኝም። እኔም አጠገቧ ሆኜ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ እሰፋለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ የለም።