ፍል ውሃ የነካው ነጠላ

ለሥልጠና ቡዳፔስት መጥቼ ነው፤ አብረውኝ የሚሠለጥኑት ጎትተው ወደ አንድ ጥንታዊ የፍል ውሃ መታጠቢያ ወሰዱኝ። ጉልላቱንም እብነ በረዱንም አየሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። ውሃው ግን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ያን ሽታ የማውቀው ከቦንጋ ወጣ ብሎ ካለው ፍል ውሃ ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ። እናቴን ቁርጥማት አልጋ ላይ ጥሏት ስለነበር፣ አክስቴ የእናቴን ነጠላ በፌስታል ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ በዚያ ጭቃ በእግር ሄደች። ስንደርስ እሷ ሳትታጠብ መጀመሪያ ነጠላውን ነከረችው።

«መምጣት ያልቻለ ሰው ልብሱ ይታጠብለታል» አለችኝ።

«ቤት እስክንደርስ ይቀዘቅዝ የለም እንዴ?»

«ይቀዝቅዛ! ሄደንላት መምጣታችንን ትወቅ።»

ቤት ስንደርስ እውነትም በረዶ ሆኖ ነበር። እናቴ ጉልበቷ ላይ አደረገችውና አክስቴን ቀና ብላ እያየች፣ «ይሞቃል» አለች።

አክስቴ ማረፏን በስልክ የነገሩኝ ትናንት ነው፤ ተቀብራለች። አላለቀስኩም። አሁን ሳላስበው የተከራየሁትን ፎጣ ውሃው ውስጥ ነክሬዋለሁ። የመታጠቢያው ተቆጣጣሪ በቋንቋዋ ተቆጣችኝ። ወጥቼ ፎጣውን ጨመቅሁና ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። ወዲያው ቀዘቀዘ። «ይሞቃል» የምላት ሴት የለችም።